ከጽሞናው በፊት ብርሃኑ፦ ስለ ስቶክሆልም ክረምት ለጠየቀችኝ እህት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስቶክሆልም ከገባሁ ይህ አራተኛ ክረምቴ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከቤት የምወጣው በጨለማ፣ የምመለሰውም በጨለማ ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ሰውነቴ ድንጋይ የተጫነው ይመስለኛል። አሥር ሰዓት ተኝቼም እንቅልፍ አልጠግብም፤ ዳቦና ጣፋጭ ብቻ ያምረኛል። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ይለቀኛል። ስዊድናዊት ባልደረባዬ ‹ክረምት የዕረፍትና ራስን የማየት ጊዜ ነው፤ ሜዲቴሽን ጀምሪ› አለችኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ሌላ ጊዜ ዓይኔን ስጨፍን የሊቢያ መንገድ መጣብኝና ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ‹ልጄ፣ ይኼ የባዕድ ነገር ነው፣ ተዪው› አለች። ስንፍና ይሆን? ሕመም ይሆን? ክረምቱስ እውነት ለመጀመር ጥሩ ጊዜ ነው? እንደ ታላቅ እህት ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ እንደ ታላቅ እህት ከቆጠርሽኝ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። እኔም እዚሁ ከተማ የምሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። የመጀመሪያ ክረምቴን አልረሳውም። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ለአፍታ ጋደም ብዬ ስነቃ መስኮቱ ጥቁር ነው፤ የግድግዳው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 9 ተኩል ይላል። የሌሊቱ 9 ተኩል መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ። የቀኑ ነበር። ሰውነቴ ያመነው መስኮቱን ነው።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። ስንፍና አይደለም። ሕመም ሊሆን ይችላልና መታየት አለብሽ። ክረምቱ ጽሞና፣ ማለትም ሜዲቴሽን፣ ለመጀመር ይሆናል፤ ግን አንቺ ከጀመርሽበት በኩል አይደለም። መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ ዝምታ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚሆነውን ራስሽ አይተሽዋል፤ ወይ እንቅልፍ፣ ወይ ፍርሃት።

«ክረምት» የሚለው ቃል ራሱ ያምታታናል። በእኛ አፍ ክረምት ዝናብ ነው፤ ከሰኔ መገባደጃ እስከ መስከረም። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት፣ ከሰል ዙሪያ ተሰብስቦ በቆሎ መጥበስ አለ። ከተማ ላደግን ልጆች እውነትም ዕረፍት ነበር። ለገበሬው ግን ከክረምት የከበደ ጊዜ የለም፤ እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙ የሚያጣድፈው ያኔ ነው። እዚህ ደግሞ በድሮው ኑሮ መሬቱ በረዶ ሲሆን የእርሻው ሥራ ስለሚቆም ሰው ቤቱ ይሰበሰብ ነበር፤ የባልደረባሽ አባባል ከዚያ ኑሮ ጋር ይሄዳል። አንቺ የምትንከባከቢያቸው አዛውንት ግን ታኅሣሥም ቢሆን መታጠብ፣ መልበስ፣ ቁርስ መብላት አለባቸው። ፈረቃሽ አያጥርም። ስለዚህ «ክረምት ነውና ዕረፊ» የሚል ምክር ሰምተሽ ማረፍ ሲያቅትሽ ጥፋቱን በራስሽ ላይ አትጣዪ። ምክሩ የሰጠሽ ትርፍ ጊዜ የለም።

አገር ቤት የክረምት ደመና የቱንም ያህል ቢከብድ ቀኑ ያው ቀን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዓመቱ ረዥም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሰዓታችንን ከጀንበር ጋር መቁጠር የቻልነውም ለዚህ ነው፤ ስትወጣ 12፣ ስትጠልቅም 12። ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ናት። በእኛ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጀንበር የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ44 ገደማ ነው፤ የምትጠልቀው ቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ። 6 ሰዓት ብርሃን ብቻ፣ እሱንም ደመናው ከተወልን። ሰኔ ላይ ደግሞ ቀኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል። አንቺና እኔ ያደግንበት ሰውነት ይህን ያህል መለዋወጥ አያውቅም።

ይህ ለምን ድካም እንደሚሆን ላስረዳሽ። ዓይናችን ውስጥ ዋና ሥራቸው ነገሮችን ማየት ሳይሆን የብርሃኑን መጠን መለካት የሆነ ሕዋሳት አሉ። የለኩትን ወደ አንጎል መሐል ይልካሉ፤ እዚያ የሰውነትን ሰዓት የምትመራ እጅግ ትንሽ ክፍል አለች። ጨለማ ሲሆን በእሷ ትእዛዝ ሜላቶኒን የሚባለው የሌሊት ሆርሞን ይመነጫል፤ የጠዋት ብርሃን ሲመጣ ይቆማል። አንቺ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስተሽ 1 ሰዓት ላይ ሥራ ስትገቢ ያ የጠዋት ብርሃን የለም። እግርሽ ሜትሮ ውስጥ ነው፤ አንጎልሽ ግን ገና ሌሊት ላይ ነው። የኮሪደሩ መብራት ለማየት ይበቃል፣ የሰውነትን ሰዓት ለማስተካከል ግን ደካማ ነው።

ይህን ችግር፣ የወቅት ድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚባለውን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር በስም ለይቶ የጻፈው ሐኪም ኖርማን ሮዘንታል ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አሜሪካ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ጉልበቱ ሲከዳው፣ ጸደይ ላይ ሲመለስለት በራሱ ላይ አይቶ ነው ነገሩን መከታተል የጀመረው። ይህን ለብዙ ሐበሾች እነግራለሁ፤ ከፀሐይ አገር መጥቶ በዚህ መደናገጥ ያንቺ ብቻ እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ ስለምፈልግ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ዕረፍትና ድባቴ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም «ዛሬ የትም አልወጣም» ይላሉ። እኔ የምለያቸው እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ዕለት ጓደኛሽ «ቡና አፍልቻለሁ፣ ነይ» ብላ ብትደውል ምን ይሰማሻል? ደክሞሽም ቢሆን ደስ ካለሽ፣ ብትሄጂም ባትሄጂም ሽታው ከመጣብሽ፣ ያ ዕረፍት የሚፈልግ ሰውነት ነው። ስልኩን እያየሽ ዝም ካልሽ፣ ቡናውም፣ ጨዋታውም፣ ጓደኛሽም ሩቅ ከሆኑብሽ፣ ቀድሞ ያስደስትሽ የነበረው ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ድባቴ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የጻፍሽልኝ ነገር፣ ማለትም ብዙ መተኛት፣ የሰውነት መክበድ፣ ዳቦና ጣፋጭ ማማር፣ ጥቅምት ሲያልቅ መጀመር፣ ግንቦት ላይ መልቀቅ፣ የወቅት ድባቴ ከሚባለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ በዚሁ መልክ መምጣቱ ደግሞ ሐኪም የሚጠይቀው ዋና ጥያቄ ነው። ግን እኔ በጽሑፍ በሽታ አልለይም፤ ይህን ቃል በቃል ለሐኪም ንገሪ።

በሰፈርሽ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ያዢ፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ 1177 ደውይ፣ ነርስ ታነጋግርሻለች። አስተርጓሚ ጠይቂ። ስዊድንኛሽ ለሥራ ቢበቃም ስለ ውስጥሽ የምታወሪበት ቋንቋ አማርኛ ከሆነ አታፍሪ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለ በደም ምርመራ እንዲያዩልሽም ጠይቂ። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ በክረምቱ ወራት ጀንበር ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቆዳ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል። ያንቺ ድባቴ ከዚህ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ድካምና የጡንቻ ሕመም ከዚህም ሊመጣ ስለሚችል ግምቱን ትተን እንወቀው ነው የምልሽ። መኖር ያስጠላሽ ቀን፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሽው ካለብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኔውኑ 112 ደውይ፣ አጠገብሽ ያለውንም ሰው ንገሪ።

ቀጠሮው እስኪደርስ የብርሃኑን ነገር ጀምሪ። 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መብራት ይሸጣል። ከእንቅልፍ እንደነቃሽ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊትሽ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገሽ ታበሪዋለሽ፤ ርቀቱ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ትኩር ብለሽ አታይውም፤ ቁርስሽን እየበላሽ በዓይንሽ አካባቢ መኖሩ ይበቃል። የዓይን በሽታ ካለብሽ፣ ቆዳን ወይም ዓይንን በብርሃን እንዲቆጣ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ወይም ድባቴና ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቅበት ሕመም አንቺ ወይም ቤተሰብሽ ላይ ታይቶ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይፍቀድልሽ። ሌላው በነጻ የሚገኘው ነው፤ የምሳ ዕረፍትሽ 6 ሰዓት ላይ ከሆነ 15 ደቂቃዋን ውጭ አሳልፊ። ሰማዩ ግራጫ ቢሆንም ከቤት መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስዊድኖቹ ራሳቸው ጨለማውን እንዲሁ እንዳልተቀበሉት አስተውለሻል? ከገና በፊት ካሉት አራት እሁዶች የመጀመሪያው ሲደርስ በየመስኮቱ ሰባት አምፖል ያለው መቅረዝና የወረቀት ኮከብ ይበራል። በእነሱ ታኅሣሥ 13 ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው፣ መሪያቸው ሻማ በራሷ ላይ ተሸክማ ይዘምራሉ። «ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው» የሚሉሽ ሰዎች መብራቱን አስቀድመው አብርተው ነው።

ወደ እናትሽ ልምጣ፤ ፍርሃታቸውን ስለማከብር እውነቱን ሙሉ እነግርሻለሁ። እዚህ ክሊኒክ ውስጥ የምናስተምረው ትኩረትን የማሠልጠን ልምምድ ሥሩ የቡድሃ መነኮሳት ጽሞና ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ከሃይማኖቱ ነጥሎ፣ ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች ሥልጠና አድርጎ አዘጋጀው። ይህን ለእናትሽ አትደብቂ። የሚለመንበት ስም፣ የሚሰገድለት ነገር የለውም። ጸሎትም አይደለም፤ ጸሎት የሚቀርብለት አለ፣ ይህ ግን ሐሳብ ሲበተን አይቶ መመለስ ብቻ ነው።

ቢሆንም ዝምታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጽሞና፣ አርምሞ፣ ተመስጦ የሚሉ ቃላት ያሉን ነገሩ ስላለን ነው። ነሐሴ ሲገባ ሱባኤ የሚይዙ ሰዎችን አይተሽ አድገሻል። መቁጠሪያ ይዘው 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» የሚሉ እናቶችን እጆች አስቢ፤ አንዷን ፍሬ ለቅቀው ወደ ቀጣዩዋ ሲሄዱ አይቸኩሉም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን መጨረሻ አሥር ቀናት ከዓለም ተለይተው መስጊድ ይቀመጣሉ። ክርስቲያን ከሆንሽ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ ገና ዋዜማ ድረስ ይሄዳል። አገር ቤት ያ ጊዜ ፀሐያማው በጋ ነው። እዚህ ግን በዓመቱ ውስጥ እጅግ የጨለሙትን ሳምንታት ይሸፍናል። የክሊኒኩን ልምምድ ልብሽ ካልወደደው በዚያ ጾም ውስጥ ጠዋት ጠዋት አንዲት መዝሙር በዝግታ ማንበብ ልትመርጪ ትችያለሽ። እኔ በሙያዬ አልከፋም። ከእናትሽ ጋር እየተጣላሽ የምትቀመጪው ዝምታ ግን ዕረፍት አይሰጥሽም።

እሺ፣ እንዴት ይጀመራል? ማታ አልጋ ላይ አይደለም። ሰውነትሽ ለእንቅልፍ በተዘጋጀበት ሰዓት፣ ተጋድመሽ፣ ዓይንሽን ከጨፈንሽ ቢወስድሽ ምን ይገርማል? ከብርሃኑ ጋር አጣምሪው። ጠዋት ወጥ ቤት፣ መብራቱ ጠረጴዛው ላይ በርቷል። ወንበሩ ላይ ጀርባሽን ቀና አድርገሽ ተቀመጪ፤ ሁለቱም እግሮችሽ ወለሉን ይርገጡ። የቡና ስኒሽን በሁለት እጅሽ ያዢው። ዓይንሽ ይከፈት፤ ስኒው ላይ ወይም ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። መጀመሪያ ሙቀቱ መዳፍሽ ላይ የት የት እንደሚሰማሽ ፈልጊ፤ ከስኒው ጆሮ ጎን ያለው ጣትሽ ያነሰ ይሞቀዋል። ቀጥሎ እንፋሎቱን፣ ሽታውን። ከዚያ እግርሽ ካልሲው ውስጥ ወለሉን እንዴት እንደሚነካ።

ሦስት ትንፋሽ ሳትጨርሺ ሐሳብሽ ይሄዳል። የምትልኪው ገንዘብ፣ የአለቃሽ ፊት፣ የታናሽ ወንድምሽ ነገር፣ የአውቶቡሱ ሰዓት። ይህ አለመቻል አይደለም፤ ልምምዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መሄድሽን ባወቅሽ ጊዜ «ሄጄ ነበር» ብለሽ፣ ሳትቆጪ፣ ወደ ስኒው ሙቀት ተመለሺ። ሃያ ጊዜ ከሄድሽ ሃያ ጊዜ ተመለሺ። ለመጀመሪያው ሳምንት 3 ደቂቃ ይበቃል፤ በስልክሽ ሰዓት ሙዪና ሲጮህ አቁሚ፣ ደስ ቢልሽም አትጨምሪ። በሁለተኛው ሳምንት 5 አድርጊው። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው በአራተኛው ቀን የተውትን ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ በስኒ ቡና የጀመሩት ግን ክረምቱን ዘልቀውበታል።

ስለ ሊቢያው መንገድ ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ። ያ ድካምም አይደለም፣ የእምነት ጉድለትም አይደለም። ከባድ ነገር ያለፈ ሰው ዓይኑን ሲጨፍንና ዝም ሲል፣ ቀን ሙሉ በሥራ የታፈነው ትዝታ ቦታ ያገኛል። አንዳንዱ ትንፋሹን መከታተል ራሱ ያስጨንቀዋል፤ ትንፋሽ ያጠረበትን ጭነት መኪና ወይም ጀልባ ያስታውሰዋል። ሜዲቴሽን ለሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ ያለ አደጋ ይሠራል የሚሉ ሰዎች ይህን አይነግሩሽም፤ በዚህ በጣም አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳቱን በሥራዬ አየዋለሁ። ዓይንሽን ክፈቺ ያልኩሽ፣ ትንፋሹን ትቼ ስኒውን ያስያዝኩሽም ለዚህ ነው። ትዝታው ከመጣ ታግለሽ አትቀመጪ። ተነሺ። የምታዪአቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ጥሪ፦ ማሰሮ፣ መጋረጃ፣ ቁልፍ፣ ጫማ፣ መስኮት። እጅሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ፣ የዛሬውን ቀንና ያለሽበትን ከተማ ጮክ ብለሽ በይ። ያን ዕለት ልምምዱ አበቃ።

ይህ ደጋግሞ ከመጣ፣ ወይም በሕልም ካባነነሽ፣ ለብቻሽ በጽሞና የምትፈቺው አይደለም። በመንገድ፣ በእስር፣ በጦርነት የደረሰን ጉዳት የሚያክም ሙያ አለ፤ የስዊድን ቀይ መስቀልም ስቶክሆልም ውስጥ ለዚሁ የቆመ የሕክምና ማዕከል አለው። ለሐኪምሽ «ዓይኔን ስጨፍን መንገዱ ይመጣብኛል» በይው፤ ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች።

«ራስን ማየት» የተባለው ነገር ላይ ደግሞ ከባልደረባሽ ጋር አልስማማም፤ ቢያንስ ለአሁኑ። የደበተው ሰው ጨለማ ውስጥ ለብቻው ቁጭ ብሎ ራሱን ሲያይ ወዲያው ችሎት ይሆንበታል። «ለምን መጣሁ፣ ለምን አልተማርኩም፣ እኩዮቼ የት ደረሱ» እያለ ራሱን ይከስሳል፣ ራሱ ይፈርዳል። የሚሟገትለት ጠበቃ ግን የለም። ስለዚህ የሕይወት ሒሳብ ማወራረዱን ለመጋቢት አቆዪው። እስከዚያ በምሳ ሰዓት፣ ብርሃን እያለ፣ በትንሽ ደብተር አንዲት ጥያቄ ብቻ መልሺ፦ ዛሬ ምን አቀለለኝ? «ያቺ አሮጊት ፀጉሯን ስሠራላት ዘፈነች» ብለሽ ጽፈሽ ቢያበቃም ይበቃል። ከሰው ጋር ማሰብ ከፈለግሽ ደግሞ ለዚህ ከቡና የተሻለ ነገር አላውቅም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጀበና ጥደሽ፣ ሦስተኛው ድረስ የምትቆይልሽ አንዲት ጓደኛ ጥሪ። አንቺ መጥራት ካቃተሽ እሷ እንድትጠራሽ አስቀድመሽ ተዋዋዪ።

አገር ቤት «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» እያልን ክረምቱ መገባደዱን ከልጆች ጅራፍ እንሰማ ነበር። እዚህ ማንም ጅራፍ አያጮህልሽምና ቀኑን ከቀን መቁጠሪያሽ ላይ አክብቢው። ከታኅሣሥ 12 በኋላ ብርሃኑ መመለስ ይጀምራል። መጀመሪያ አይታወቅም፤ ለገና 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። ጥምቀት ሲደርስ ግን ቀኑ 1 ሰዓት ያህል ረዝሞ ታገኚዋለሽ፣ ጀንበርም የምትጠልቀው 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፈረቃሽ በሚፈቅድልሽ ቀን በዚያ ሰዓት ውጪና እዪው። የሐኪሙ ቀጠሮ እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ።